የውኃ ተራ

ከመራዊ በታች፣ ከቆጋ ቦይ ዳር ላይ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ የውኃ ተራ ስናይ፣
አባቴ ይርሳው ነው የሰፈሩ ውኃ አባት፣
በማንም ተራ ላይ አይወድም ስርቆት፤
ባትሪውን አብርቶ ከድንች ማሳው ፊት፣
“በይ፣ እንይሽ” ይላል፣ “የት ነበርን ትናንት?”

ስሜ ነው? ትእዛዝ ነው? ለይቼ አላውቅም፤
ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ ሲያየኝ አልጠገበም።

“ዴልፍት ነበርን” እላለሁ። “እዚያ ከመስኮቴ ሥር
ውኃ አለ፤ አይሄድም፤ ተኝቷል እንደ ነበር።
አይፈስም፣ አይጮኽም፣ ድንጋይ አይገፋም፤
ዳክዬ ካልነካው ፊቱ አይጨማደድም።
አንድ ቀን ከድልድይ ቅጠል ጣልሁበት፣
ወዴት ይሄድ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት፤
ጆሮዬ ደንዝዞ የሌለኝ መሰለኝ፣
እሱ ግን ንቅንቅም አላለ፣ ገረመኝ።
በነጋታው ሳልፍ ቅጠሉ እዚያው ነበር፤
እኔ ግን አርፍጄ ቀረሁ ከፈተናው በር።”

አባቴ ዝም አለ፤ በዶማው እጀታ
አፈሩን ቧጨረ፣ ለአፍታ፣ ለአፍታ።

“ኡትሬክት ደግሞ ሳይክል ቤት ተሠርቶለት
ሦስት ደርብ ሙሉ ቆሞ አየሁት።
የእኔን አጣኋት፣ የተከራየኋትን፣
ቀይ ኮርቻዋን፣ ደወል የሌላትን።
ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ብረት
ስንከራተት፣ ባሕር ዳር መጣችብኝ ድንገት፤
ሙሉሰው በሳይክል ከኋላው ጭኖኝ፣
ሸንኮራ ስገምጥ መንገድ ላይ የጣለኝ።
ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴትዮ አየችኝ፤
‘ጠፋብሽ?’ አለችኝ።
‘የቱ?’ ብዬ መለስሁኝ።

ጎዳ የሚሏት ከተማ ማንንም አልጎዳች፤
ሐሙስ ሐሙስ ጧት አይብ ትሸጣለች፤
የጋሪ ጎማ ያህል፣ ቢጫ፣ ክብ፣ ከባድ፣
ጎን ለጎን ተኝቶ ልክ እንደ ቤተ ዘመድ።
መዳፍ እየተማቱ ዋጋ ይጨርሳሉ፣
እንደ ቡሬ ደላላ፣ ‘ጨምር፣ ቀንስ’ ሲሉ።”

አባቴ ሲስቅ ባትሪው ተናወጠ፤
እንቁራሪት ደንግጦ ቦዩ ውስጥ ሰመጠ።

ሮተርዳምን አልነገርሁትም።
እሱም የዚያን ክረምት በረዶ አልነገረኝም።
እሑድ ነበር፤ ዝናብ፤ ከትልቁ ወንዝ ዳር ቆሜ
መርከብ እቆጥራለሁ፣ ኮቴን ተሸፍኜ፣ ጨልሜ።
ስልኬ ጮኸ።
“ድንቹ እንዴት ነው?” ስለው፣ “ደህና” አለኝ፣ እንደ ልማዱ፤
ፎቶው ግን ከእጄ ነው፣ ሙሉሰው ልኮታል በማለዱ፤
ማሳው ነጭ ለብሶ፣ ቅጠሉን ጨርሶት በረዶ።
“እኔም ደህና ነኝ” ስለው መርከብ አናፋብኝ።
“ምንድን ነው የጮኸው?”
“አህያ” አልሁት። ያመነኝ መሰለኝ።

“የእነሱ ውኃ አባት ማነው ግን?” ይለኛል።
“አንድ ሰው አይደለም፤ ጉባኤ ይመረጣል።
አገሩ ግማሹ ከባሕር በታች ተኝቶ፣
ከግንብ ላይ አየሁ መስመር ተሰምሮ፣ ቁጥር ተጽፎ፣ ቀለም ተቀብቶ፤
ባሕሩ ቢለቀቅ እስከዚያ ነው አሉኝ፤
እጄን ዘረጋሁት፣ ጣቶቼ አጠሩኝ።
ሌት ተቀን በሞተር ውኃ ያስወጣሉ፤
ተራ አይጠብቁም፤ ሂድልን ነው የሚሉ።”

“ውኃን? ሂድ?” አለና ባትሪውን አጠፋ።
ጨለማው ውስጥ ቆመ፤ የቦዩ ድምፅ ሰፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የጠጅቱ ተራ።
ዶማውን ሰጠኝና መልሶ አበራ።
ቀመሩን አውቃለሁ፣ የፍሰቱን ልኬት፤
እሱ ግን ስንዝር አለው፣ ምልክት ያለው እንጨት።
ለካሁት። ለካው። ልዩነቱ የጣት።
ማን እንደ ተሳሳተ አልተነጋገርንበት።

ጭቃውን ገፋሁት፤ ውኃው አንገቱን አዞረ፣
ገለባ ተሸክሞ ወደ ማሳዋ በረረ።
ጫማዬ የዴልፍት ነው፣ በቅናሽ የገዛሁት፤
አንዱን ጭቃ ዋጠው፤ ነገ ብዬ ተውሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ዶሮ ሲጮኽ ገና፣
አባቴ ይርሳው አልረሳም፤ ቆመና፣

“እንይሽ።”
“አቤት?”
“ያ ቅጠል ግን… በኋላ፣ በኋላ…
ሄደ ወይ?”