የሥራ ልምድ

ከሌሊቱ ስምንት፣ ጥቅሉ ሲረክስ፣
ድሬም ከሙቀቷ ጥቂት ስትቀንስ፣
አልጋዬን ደጅ አውጥቼ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ቴሌግራም ውስጥ ገብቼ ሥራ ስቆፍር፦

«ተፈላጊ ችሎታ፦ አካውንቲንግ ዲግሪ፣
አራት ዓመት ልምድ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ።
ብዛት፦ አንድ።»
ከሥር ያቺ ትንሽ የዓይን ምልክት
ሠላሳ ሁለት ሺህ ትላለች። ለአንዲት ወንበር! እንዴት?

ሊንክዲን ላይ ፎቶዬ በአክስቴ ልጅ ኮት ነው፤
በድሬ ሙቀት ኮት! ላቤን ማን አየው?
«ሥራ እፈልጋለሁ» የሚል አረንጓዴ ቀለበት ፊቴ ዙሪያ፤
ቀለበት ብቻ ነው። ሽማግሌም የለ፣ ጋብቻም፣ ወሪያ!

«ለምዝገባ ብቻ አምስት መቶ ብር
በስልክ ላኪልኝ» ያለኝም ነበር።
ላክሁለት። ስሙ ጠፋ፣ ፎቶውም ጠፋ፤
የቀረው ግራጫ ክብ፣ እንደተደፋ ሳፋ።
ብሩ ከአባቴ ጡረታ ነበር። አልጠየቀኝም።

ሲቪዬን ስሞላ፣ «የሥራ ልምድ» ላይ ደርሼ
ዜሮ እጽፋለሁ። ደግሞ አጠፋለሁ መልሼ።
ዜሮ ብቻዋን ስትታይ ታስፈራለች፤
አፉን የከፈተ ጉድጓድ ትመስላለች።

አባቴ ዩያ፣ የባቡሩ ሰው፣
አርባ ዓመት ሠርቶ አተሊዬው የሸኘው፣
«በኛ ጊዜ» ይላል «ማስታወቂያ ሲወጣ
ጣቢያው በር ላይ ነው፤ ያነበበ ይምጣ።
ፎርማኑ ያያል እጅህን፣ ጥፍርህን፤
ከግራሶው ብቻ ያውቃል ሥራህን።
ይኼ ያንቺ ስልክ እጅ ያያል ወይ፣ ፈርዶሳ?»
ባትሪዬ አለቀ፤ ሰበብ አገኘሁ ልነሳ።

ግንቦት ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ ሲያቀልጥ ሳለ፣
የነሂንዲያ ቬንትሌተር ድንገት ቀጥ አለ።
አባቴ ጭኑ ላይ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ፣
አጋድሞ ፈታታው። ከዚያ እንደ ጥልፈኛ
መዳቡን ጠመጠመ፣ ዙር በዙር፣ ሳይቸኩል፤
ከንፈሩ ይቆጥራል፣ ዚክር እንደሚል።

ቀረጽኩት። ለሳቅ ነው። ሃምሳ ሰከንድ። ፊቱ
የለም፤ እጁ ብቻ፣ የተሰነጠቀ አውራ ጣቱ።
ከሥሩ ጻፍኩበት፦ «አቦ! ይህ አባቴ ነው።
ትናንት ባቡር፣ ዛሬ ነፋስ ነው የሚጠግነው።»

ተኛሁ።

ስነቃ ስልኬ እንደ ንብ ቀፎ ያጓራል፤
መልካ ጀብዱ ያለ ሰው «የት ይገኛል?» ይላል፤
አንዷ ከሽንሌ፣ አንዱ ከገንደ ቆሬ፣
«ፓምፔን ይይልኝ፣ ይኸው ስልክ ቁጥሬ።»
ማታ ላይ ደግሞ ከአንድ መጋዘን፦ «ዕድሜ አንጠይቅም፤
ሞተር ጠምጣሚ ጠፍቶብናል። ሰኞ ይምጡ።»
ሦስቴ አነበብኩት። ለእኔ አይደለም። አልሳቅሁም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኳኳሁት በር
ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን ላላንኳኳው ነበር።

ነገርኩት። ስልኩን በክንዱ ርቀት ይዞ
አየው የገዛ እጁን፣ ለአፍታ ፈዝዞ።
«ያያል ለካ» አለ። «እጅ ያያል ይህ ነገር።»
ትንሽ ቆየና፦ «ሂሳቡንስ? ማን ሊይዝ ነው ቁጥር?
እኔ የሰው ዕዳ ሲመሽ እረሳለሁ፤
ሲያለቃቅሱብኝ ግማሹን እምራለሁ።»

ይኸው ደቻቱን ስንሻገር በባጃጅ፣
መፍቻው እኔ ጭን ላይ፣ ስልኬ እሱ እጅ፤
«ስንት ሰው አየን?» ይላል፣ በየመታጠፊያው፣
ዓይኑን ሳይነቅል፣ አሸዋውን ሳያየው።
እኔ ደብተር ይዣለሁ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ዱቤ፤
ሽቦ በኪሎ ስንት እንደሆነ ገባኝ፣ ገብቼ ከልቤ።

ሌሊት ስምንት ላይ ግን አሁንም ደጅ ነኝ።
አሁንም አንድ ወንበር፣ ሠላሳ ሺህ ዓይን። አሁንም አማረኝ።
ሲቪዬን ከፈትኩ። «የሥራ ልምድ» ላይ ደረስኩ።
ዜሮዋን አላጠፋሁም፤ ከጎኗ ነጥብ አስቀመጥኩ፤
ሦስት ወር፣ ለዓመት ሲካፈል፦
ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት።
አሠሪው ይስቅ ይሆናል።

ከነሂንዲያ ግቢ ቬንትሌተሩ ሲዞር ይሰማል።