የታንኳ ደብተር

አሥራ ስምንት ዓመት፣ አሰብ ወደብ ላይ፣
ታይፕ እየመታሁ፣ በመስኮት ሳላይ፣
የመርከብ ስም ስጽፍ፣ ጭነት ስደምር፣
የመጣበት አገር፣ የሚሄድበት አገር፣
አንድ ቀን እንኳን አልረገጥኩ ጀልባ።
የሰው መንገድ ጽፌ፣ ማታ ቤት ስገባ
ጨው ነበር ጫማዬ፣ ጨው ነበር ጸጉሬ፤
ከዚያ ሁሉ ባሕር ያ ነው የቀረኝ እስከ ዛሬ።

አሁን ጡረታ ላይ፣ ደሴ፣ ሸዋ በር፤
ወር በገባ ቁጥር ሁለት ቅዳሜ አልቀር፤
ሚኒባስ ይዤ እወርዳለሁ ሐይቅ፤
ረዳቱ ያውቀኛል፣ ሒሳብ አንጠያየቅ።
«እትዬ የሻረግ፣ ዛሬስ በየትኛው?»
ይለኛል እየሳቀ። እኔ ግን የምመርጠው
በደብተር ነው፤ በመስመር፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
ስም፣ ዋጋ፣ መቀመጫ፣ ጥላ፣ ሰዓት ተለክቶ፣
የቀዛፊው ወሬ፣ ብዛቱና ለዛው፣
መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለች ዓምድ፣ «ሳይታቀድ የመጣው»።

የአበጋዝ ቆርቆሮ፣ ባለ ሞተሩ፣
ሩብ ሰዓት አይፈጅም እስከ ማዶ ዳሩ።
መቀመጫ፦ ስፖንጅ፤ ጥላ፦ ባለ ሸራ፤
ዋጋ፦ መቶ ሃምሳ፤ ፈረንጅ ካለ ግን ዋጋውን አትጥራ።
ወሬ፦ የለም፤ ሞተሩ ነው የሚያወራ፤
ዳክዬው ይነሳል፣ ሳላየው፣ በተራ በተራ።
ቤንዚን እስከ ማክሰኞ ይሸታል ቀሚሴ፤
ፈጣን ነው። ለምኔ? ማን ይጠብቀኛል ደሴ?

አርዲቦ ደግሞ አለ፣ ከቢስቲማ ወርዶ፣
ረጅም የእግር መንገድ፣ ጉልበቴ ተገዶ።
የደንገል ታንኳ ናት፣ ከሁለት ሰው አትችል፤
መቀመጫ፦ እርጥብ፣ ውሃ ላይ መተኛት ያህል።
ባለ ታንኳው ጎረምሳ ሰይድ አደም ይባላል፤
ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣው፣ ዓሣውን ያዳምጣል።
ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት ለዝምታው፤
ጉልበቴ ግን በዓመት ሁለቴ ነው ያንን የሚችለው።

ሦስተኛው የይማም አረቡ ነው፤ እንጨት፣
ድሮ ሰማያዊ የነበረ፣ መቅዘፊያው ሁለት።
ውሃ ያስገባል። ይማም ምንም ሳያፍር
የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይሰጥሻል፤ «ቅጂ፣ እስክንሻገር።»
ተሳፋሪ ነሽ፣ ሠራተኛም ነሽ፤ ሒሳቡ ግን ሙሉ።
ወሬ፦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ሰው ሁሉ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ መሃል ውሃው ላይ፣
ገዳሙ ከማዶ፣ ለእኔ ላይፈቀድ፣ ለዓይን ብቻ ሲታይ፣
ይማም መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አኖረ።
«የእኔ ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ» ብሎ ጀመረ።
አነበብኩ። ምን ላድርግ። መቀመጫ፦ ሚስማር አለው።
ጥላ፦ የለም። ውሃ፦ ከውጭም፣ ከውስጥም ነው።
ሰዓት፦ እግዜር ያውቃል።

ሳቀ። ታንኳዋም ሳቀች፣ ውሃ ገባ።
«አብሽሪ፤ ፊደል ባልቆጥርም እኔም ሰው አወዳድራለሁ፣ ሲወጣ ሲገባ።
ተማሪ ፎቶ እንጂ ውሃ አያይም፤
ነጋዴ ሳይሳፈር ይከራከራል፣ ሲወርድ አያመሰግንም፤
ሙሽሮች በአንድ ጎን ይቀመጣሉ፣ ታንኳ ያጋድላሉ።
አንቺ ደግሞ ቦርሳሽ ከባድ፣ ጫማሽም አይመች፤
ስትቀጂ ግማሹን መልሰሽ ትደፊዋለሽ፣ ይታይሻል ሌላ ነገር ከሩቅ፣ ምን እንደሆነች።
ግን ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንዴም ቢሆን፣
መቼ ነው የምንደርሰው ብለሽ አልጠየቅሽም እኔን።»

ጣሳውን አነሳሁ። ቀዳሁ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣ ደብተሬን ዘረጋሁ፣
የመጪውን ወር ላቅድ። አበጋዝ ሸራ ቀይሯል አሉ፤
ለሰይድም አዲስ ደንገል ታጭዷል፣ ከጥር በፊት ይደርሳል አሉ።
ዋጋ ደመርኩ፣ ሰዓት ቀነስኩ፣ ጎን ለጎን አሰለፍኩ፤
ለአበጋዝ ሠላሳ አንድ ወጣ፣ ለይማም አሥራ ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለት።
ሻማው አለቀ።

ትናንት ገበያ ወርጄ
ጣሳ ገዛሁ፤ የዘይት፣ ባለ እጀታ፣ ሰፋ ያለ።
ሻጩ «ለምን ሊሆንሽ ነው?» አለ።
«ለመርከብ» አልኩት።
ትንሽ አየኝና መልሱን ቆጠረ።