ቀይ ሲበራ

የሌሊቱ ባቡር ከባኩ ተነሥቶ፣
ሜዳውን ሲያቋርጥ መብራቱን አጥፍቶ፣
አንቺ ተኝተሻል ጫማሽን አውልቀሽ፣
ትኬቱን በጣትሽ እንደ ክታብ ይዘሽ።
እኔ ግን ነቅቻለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል፤
ፍሬኑ ሲያቃስት ጥርሴን ያሳክከኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከከተማ ሆድ ሥር፣
የምድር ባቡር ስነዳ፣ ሰከንድ ስቆጥር፣
በር ስከፍት፣ በር ስዘጋ፣ ሰው ሲወርድ፣ ሰው ሲሳፈር፣
በክረምቱ ወራት ፀሐይን የማውቃት በወሬ ነበር።

ጡረታ ወጣሁ።
"ሼኪ እንሂድ" አልሽኝ።
"ስንት ቀን?"
"እስኪበቃን።"
ሰዓት የሌለው መልስ፣
በየት በኩል ይያዛል?

ማለዳ ደረስን።
ካውካስ ከከተማው ጀርባ ተደርድሮ፣
እንደ ተላከ አማላጅ፣ አናቱን ቀብሮ
በጉም ውስጥ፣ ነገር ያብላላል።
ማንም አላስቸኮለው።

ያረፍንበት ቤት የሲራራ ነጋዴ ማደሪያ ነው የጥንት፤
ግመል ይገባ ነበር፣ ዛሬ ሻንጣችን በገባበት።
"ምድር ቤቱ ለጭነቱ፣ ፎቁ ለባለ ጭነቱ"
አለን ባለ ቁልፉ፣ እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞ ታሪክ መተረቱ።
"ፎቁን ስጠን" አልሽው ወዲያው፣ ሸፊጋ፤
"ከምድር በታች ኖሮ ጠግቧል፤ ይህ ሰው ፎቅ ይጠጋ።"

ምሳ ፒቲ ቀረበ፣ በየሸክላው፣ ለየብቻ።
ማንኪያ አንሥቼ ልጨልጠው ስል በጥድፊያ፣ በዘመቻ፣
አስተናጋጇ እጄን ያዘች፦
"ቀስ፣ አባቴ! ይህ ሁለቴ ነው የሚበላው፤
መጀመሪያ መረቁ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣
ከዚያ ሥጋው፣ ሽምብራው፣ ላቱ ተደቁሶ።"
አንድ ሸክላ፣ ሁለት ምሳ!
ሰዓቴን አየሁ።
አንቺ እኔን አየሽ።
ፈትቼ ኪሴ ከተትሁት፤ ምንም አላልሽ።

ከሰዓት የካኖቹን ቤት ልናይ ወጣን ዳገቱን፣
ሁለቴ እያረፍን፤ አንዴ ለጉልበትሽ፣ አንዴ ለእኔ ልብ ምቱን።
አስጎብኚው ጎረምሳ መስኮቱን አሳየን፦
"ስንት ሺህ ቁራጭ እንጨት፣ ስንት ሺህ ቁራጭ መስታወት፤
ሙጫ አልነካውም፣ ሚስማር የለበት፤
አንዱ ባንዱ ገብቶ፣ ተቃቅፎ ነው የኖረ፤
ልክ እንደ ትዳር!" አለ፣ ቀለበታችንን እየቆጠረ።

ሳቅሽ።
ሳቅሽ ከጣሪያ ጣሪያ፣ ካበባ አበባ ዞረ፤
"የእኛስ ሚስማር አለው" አልሽው፤ ልጁ አቀረቀረ።

አለው፤ እውነትሽን ነው።
ለወንድምሽ ባበደርሁት ገንዘብ የተነሣ፣
ከመኸር እስከ ጸደይ በዝምታ የበላነው ምሳ፤
ፋሪዝ በተወለደ ሌሊት፣ አንቺ ስታምጪ ብቻሽን፣
እኔ ከጣቢያ ጣቢያ ስመላለስ፣ ሳልሰማ ድምፅሽን።
ሌላም አለ። አልናገረውም።
ዝገቱ ዛሬም ይወጋል፤
ግን ማን ይነቅለዋል? ቢነቀል ቤቱ ይዘማል።

ያን ጊዜ ፀሐይ ዞረች በምዕራቡ መስኮት፤
ሰማያዊው ትከሻሽ ላይ፣ ቢጫው ሻሽሽ ላይ ወደቀ፣
ቀዩ ጉንጭሽ ላይ በራ፣ በራ፣ ደመቀ።
እኔ ደግሞ የማውቀው ሕግ አንድ ነው፦
ቀይ ሲበራ ይቆማል።

ቆምሁ።
ጎብኚዎች አለፉን። ጎረምሳው ጠራን።
ከኋላዬ የሚደርስ ባቡር የለም፤
ከፊቴ የሚጠብቅ ጣቢያ የለም፤
የግንባርሽን መስመር አንድ በአንድ አየሁ፣
ሁሉንም አውቃለሁ ስል፣ ሁለቱን አላውቃቸውም፤
መቼ መጡ?
ብርሃኑ እስኪለቅሽ ድረስ አልተንቀሳቀስሁም።

ማታ፣ ሃላዋ ገዝተን፣ ማሩ ከወረቀቱ እያለፈ፣
ጣትሽን ስትልሺ፣ ጨረቃ ከተራራው ገዘፈ።
ባለ ቁልፉ መዝገቡን ገልጦ
"ስንት ሌሊት ትቆያላችሁ?" አለን ብዕሩን አሹሎ።
"እስኪበቃን" አልሁት እኔ።
አየሽኝ። ደስ አለሽ። ደስታሽ ሳያልቅ በቅጡ፣
"ለመሆኑ" አልሁት፣ "ቁርስ በስንት ሰዓት ነው ልኩ?"

በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጥሽኝ።