ምንይችል

ገና ከማኅፀን አክስቱ ተቀብላ፣
«ምንይችል!» አለችው፣ ማን ይመክተው ብላ።
እግሩ የከዳው ለት ስሙን ሰነጠቁት፤
«ምን ይችል?» እያሉ ለሁለት ከፈሉት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከጣና ዳር ጥላ፣
እሱ በጎማው ፊት፣ እኔ በእግር ኋላ።
መንገዱ ልስልስ ነው፤ እዚህም እዚያም ግን
የዋርካው ሥር ገፍቶ አንስቶታል ሸክላውን።
እዚያ ስንደርስ «አንሳ!» ይላል፤ አነሳለሁ።
«ቀስ!» ይላል፤ ቀስ እላለሁ።

ከቤዛዊት ግርጌ ጥርጊያው አለቀና
ጎማ የማይረግጠው ድንጋይ መጣና
«አንተ ውጣ» አለኝ፣ «እኔ እዚሁ ነኝ፤
ከላይ ያየኸውን ስትወርድ ንገረኝ።»

ወጣሁ። ላብ አጠበኝ። ትንፋሼን ቆጠርሁኝ።
ጠጠሩ ከሥሬ እንዳያንሸራትተኝ
ዓይኔን ከጫማዬ ሳልነቅል ደረስሁኝ፤
ጫፉ ላይ አንድ ፎቶ፤ ወዲያው ተመለስሁኝ።

«እህሳ?»
«ደህና ነው።» ሌላ ምን ልበለው?
ሳቀና ጀመረ፤ ዓባይን እያየው፦
«ሦስት ጉማሬ ወጣ፤ አንዷ ልጅ አዝላለች።
ያቺ ዓሣ በል ወፍ ጎማዬ ላይ ነበረች።
ባለታንኳው ደንግጦ መቅዘፊያውን ጥሎ
በእጁ እየቀዘፈ ሄደ፣ ማርያም ብሎ።»

ስንመለስ ያ ስንጥቅ ስም ተጠጋ ወደ እኔ፤
ሁለት እግር ይዞ ምን ቻለልኝ ዓይኔ?

ዋርካው ሥር ደረስን።
«አንሳ!» አለኝ።
አነሳሁ።