ጎደሎ ቁጥር

በበርገን ወደብ ዳር፣ ከዓሣ መጋዘን ሥር፣
ለዝናብም ለሰውም፣ ሦስት ሆነው ዘጉ በር።
ግድግዳውን ሸፍነው በእንቁላል ካርቶን፣
መድረክ ሳይረግጡ ገፉት ሃያ ዘመን።

ዛሬ የሲግቨ ልጅ ሸክላውን ትቆጥራለች፣
በእርሳስ እየመዘገበች፣ አቧራ እያራገፈች።

አንደኛው «የጨው መብራት»፤ ከበሮው ሩቅ ነው፣
አባቷ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው የመታው።
ሁለተኛው አንድ ዜማ፣ ሙሉ ፊቱን የያዘ፤
በሰባት ምት ያነክሳል፣ አንድ እግሩ እንደደነዘዘ።
ሦስተኛው፣ ዓመት የፈጀው፣ አርባ ብቻ ተሸጠ፤
አራተኛው ኦሳካ ድረስ ተሻግሮ ተደመጠ።

እርሳሷ ቆመ።

አምስተኛ የለም። ከአራት ወደ ስድስት
ዘሏል መዝገቡ፣ ኤይናር በሞተበት ዓመት።
አምስት ጎደሎ ነው ሲሉ፣ ይኸው በእውን ጎደለ፤
ቴፑ ግን መሳቢያ ውስጥ፣ ስም ሳይጻፍበት አለ።

አጫወተችው።
ኦርጋን የለም። ጊታር የለም።
ወንበር ሲጥ ይላል፤ አንድ ሰው ያስላል፤
ከዚያ የአባቷ ድምፅ፣ ከልማድ የወጣ፦
«ኤይናር፣ ዝግጁ ነህ?»

መልስ የለም። ቴፑን ግን ማንም አላቆመው።
በሩን ማን ከፍቶት እንደሆን እንጃ፣
ዝናቡ ገባ፤
እስከ መጨረሻው ዘነበ።

እርሳሷን አነሳች፦
አምስት። አርባ ደቂቃ።
ተጫዋቾች፦ ሦስት።