ይታያል

ከባሕር ዳር በጧት፣ በሚኒባስ ወጥተን፣
በመስኮት አቧራው ሸማ እያለበሰን፣
የሦስት ቀን ፈቃድ፣ አንድ ካሜራ ይዘን
ጢስ ዓባይ ደረስን።

አስጎብኚያችን ልጅ ስሙ ይታያል ነው፤
ትኬት እየቆረጥን «ውኃው አለ?» ስንለው
«ይታያል» አለና፣ ድልድዩን አሻግሮ፣
በቁልቋል፣ በእሾሁ፣ አቀበት አዙሮ
አፋፍ ላይ አቆመን።

አየን።
ገደሉ ጥቁር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፤
ከጥጉ አንዲት ክር፣ ተተርትራ የቀረች።
ያቺ ናት ዓባይ፣ ያቺው።

«ጢሱ የታል?» አለ ጌታሰው ተቆጥቶ፤
ልጁ በገዛ ስሙ አፈረ መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ
«ነሐሴ ብትመጡ…» ብሎ ዝም አለ።

ልጁንም ጨምረን፣ ጠኔ እያንገዳገደን
እማማ አንጓች ጠጅ ቤት አግዳሚው ተቀበለን።
ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ዳጣ ፈሶበት ከላይ፣
አጥንት ስንለቅም፣ ጣት ስንልስ ሳንተያይ፣
ብርሌው ተደገመ፤ ማሩ የቆላ ነው፣
ጌሾው ምላስ ነካሽ።

«እና ምን አያችሁ?» አለች እማማ አንጓች።
«ምንም! ዓባይ ዋሸን፤ ስሙም አልደበቀው።»
ሳቀች። ወደ ጣሪያው በጣቷ ጠቆመች፦
«ይኸው ተሰቅሎላችኋል፣ አምፖል ውስጥ ገብቶ!
በሽቦ አስረው አምጥተው
ማታ ማታ እኔ ቤት ነው የሚያድረው።»

ቀና ብለን ስናይ
ድርግም።
መብራት ጠፋ።

ሳቃችን ሲበርድ፣ ልጁ ኪሱን ዳብሶ ክብሪት ሲፈልግ፣
አንጓች በጨለማ፣ እጇ የለመደው፣
ከማንቆርቆሪያው አፍ ወደ ብርሌው አንገት
ጠጁን ለቀቀችው፤
ተንፏፏ፣ ተንዶለዶለ፣ አረፋው ጣቴን ነካ።

«ይታያል?» አለ ጌታሰው።
«አቤት» አለ ልጁ።
«አንተን አይደለም» አልኩት። «ዝም በሉ። ይሰማል።»