አሥራ ሦስት ታንኳ፣ አንድ ጉማሬ

ከወደቡ ጥግ ላይ፣ ሞተሩ የወጣ
አሮጌ ጀልባ አለ፣ ጎኑን ለፀሐይ ያሰጣ።
በክዳኑ ብረት፣ በምስማር ተጭሮ
ይኖራል ሰሌዳ፣ ከዓመታት ጀምሮ፤
ሰባት በሰባት ነው፤ አንዱን ጥግ ዝገት በልቶት
ጋሽ አንለይ በኖራ፣ በጣቱ ተክቶት።

አሥራ ሦስት ቆርኪዎች ታንኳ ይባላሉ፤
ከታች ተሰልፈው ወደ ላይ ይሄዳሉ።
መመለስ የላቸው፣ መብላት የላቸውም፤
አንድ ርምጃ እንጂ ሁለት አይሰጣቸውም።
ጉማሬው ግን አንድ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ነው፣
ከዓባይ አፍ የመጣ፣ ውኃ ያለሰለሰው።
ይመጣል፣ ይመለሳል፣ በጎንም ይወጣል፤
ክፍት ቤት ካገኘ ዘሎ ታንኳ ይገለብጣል።
ግቡ ደንገሉ ነው፣ ከታንኳዎቹ ጀርባ፤
ድሉ የእሱ ነው አንዴ እዚያ ከገባ።
የታንኳዎቹ ግብ መግደል አይደለም፤ ማጠር፣
መፈናፈኛ ማሳጣት፣ ባለበት ማሳደር።

«ማን ይበልጣል?» አልኩት በመጀመሪያው ሰሞን።
እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «ብልጫ እዚህ ምን ሊሆን?
መረብና ዓሣ ተመዛዝነው ያውቃሉ?
ይኼ ላምልጥ ይላል፣ ያ ላስቀር ይላል፤
ሁለቱም ልክ ናቸው።
በል አሁን ተጫወት፣ ሳይመሽ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቴን ዘግቼ፣
የትኬቱን ጉርድ ለስመኝ ሰጥቼ
እወርዳለሁ ወደሱ። ታንኳዎቹ የእኔ ናቸው፤
እንደ ተሳፋሪ ነው የማሰልፋቸው።
ቀዳዳ አልተውም፤ ቆጥሬ እዘጋለሁ፤
ሰልፍ ማስያዝ ሥራዬ ነው፤ መጠበቅ አውቃለሁ።
እሱ ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው፣
ጥፍሩ ሥር ናፍጣ አለ፣ ጡረታ ያላስለቀቀው።
ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ራዲዮና አልጋ፣
ራዲዮው ያወራል፣ ሰው ኖረም አልኖረ፣ እስኪነጋ።

በጥቅምት አንድ ምሽት፣ ሻላዎቹ መጥተው
በዓሣ ገበያው ደጅ አንጀት ሲሻሙ ቆይተው፣
እምቦጩ በነፋስ ወደብ ሥር ተከምሮ፣
ጉማሬው ሁለት ታንኳ ገልብጦ፣ ተሽሎክሉኮ ዞሮ
ደንገሉ ደጃፍ ቆመ።
አንድ ርምጃ ቀረው።
አየሁት። አየኝ።
የሚዘጋው ቆርኪ ሩቅ ነበር፣ በሌላው ጥግ።
ድንጋዩን በሁለት ጣቱ ይዞ ጥቂት ቆየ፣
እንደ ሻማ ካንዴላ ጥርሱን የሚሞክር፣
ከዚያ ወደኋላ መለሰው።

አጠርኩት። አሸነፍኩ። ለስመኝም ነገርኳት።
በማግሥቱ እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ማታ።
ሦስቴ ደጁ ደርሶ ሦስቴ ተመለሰ፤
የኔ ድል መቁጠሪያ ያኔ ነው የፈረሰ።
ለካስ ሁለት ብቻ አይደለም በሰሌዳው ያለው ግብ፤
እኔ ማጠር ሳስብ፣ ጉማሬው ማምለጥ ሲያስብ፣
ሰውየው ሌላ ነበረው፦ ማምሸት።
ውኃው እንኳ ከሐይቁ ወጥቶ፣ በድልድዩ ሥር ሲነጉድ፣
ለመሄድ ሲቸኩል፣
እሱ ከደጅ የሚመለስ፣ ጨዋታው እንዳያልቅበት።
እኔ ለመጨረስ፣ እሱ ላለመጨረስ፣
በአንድ ብረት ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት።

በአራተኛው ምሽት ቆርኪዎቹን ስሰበስብ
አንዷን ኪሴ ከተትኩ፣ ከትኬት መብሻው አጠገብ፤
አጥሬ እንዲሳሳ፣ ምሽቱ እንዲረዝም አስቤ፣
ደግ የሠራ መስሎት ደስ እያለው ልቤ።

በማግሥቱ ደረደርን። በጣቱ ቆጠረ፤
ደገመ። ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ።
ምንም አልጠየቀኝ።
የቱታውን የደረት ቁልፍ በጠሰና፣
ክሩ እንደተንጠለጠለ፣
ባዶው ቤት ላይ አኖራት።
«አሥራ ሦስት ናቸው» አለ።
«ሳታጎድል እጠረኝ።»

ከደሴት የመጣው የመጨረሻው ጀልባ ገመድ ወረወረ፤
የሚይዘው ሮጠ።
ኪሴ ውስጥ የቆርኪዋ ጥርስ ጭኔን ነከሰኝ።
ጣቱ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

ተራው የጉማሬው ነው።